ባናውን ለውሻ አለበስኩት፤ ዝናቡ ግን አላባራም

የጓሮ ሰው፣ ደብረ ብርሃን (መጋቢት 28፣ ከቀኑ 8:10)

ፀደይ ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዝናብ ነው። እንደ ክረምቱ ወርዶ ወርዶ የሚወጣለት ዓይነት አይደለም። ያካፋል፣ ያባራል፣ ፀሐይዋ ብቅ ትልና የሰፈሩ ልጆች «ጅብ ወለደች!» እያሉ ሊወጡ ሲሉ ይመለሳል። ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ብርሃን አይቶበት ከተማ የቆረቆረበት ሰማይ ዛሬ እንደ ጠቆረ ድስት ተደፍቶብናል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ባለቤቴ ሱባኤ ገብታለች፤ ቤት ውስጥ እኔና ቡላ ብቻ ነን። ቡላ ውሻዬ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው፣ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፣ ዘሩን የሚያውቅ የለም። ጓሮዬ 6 ሜትር በ9 ትሆናለች። አራት መደብ ድንች፣ ሁለት መደብ ጎመን፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ አጥሩ ሥር ጌሾ፣ በሩ አጠገብ ጤና አዳም፣ ጥግ ላይ ሁለት የፖም ዛፎች። አንዱ ዘንድሮ አበባ ይዟል፤ ሌላው አምስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነው፤ እንደ አንዳንድ ተማሪዎቼ።

ረፋድ ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳነብ ቡላን ጓሮው መሐል ቆሞ አየሁት። ዝናቡ በጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ጅራቱን ሰብስቧል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ከአሮጌ ቆርቆሮ የሠራሁለት ቤት አለው፤ አልገባም። ጠራሁት፤ አልመጣም። ነገር አለ ብዬ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ነገርስ ነበር! የጣሪያው አሸንዳ ከበርሜሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተላቅቆ ውኃው ሁሉ በመጀመሪያው የድንች መደብ ላይ ይወርዳል። አፈሩ ተጠርጎ፣ ገና የበቀለው ድንች ሥሩ ወጥቷል። ቡላ ይህንኑ ሊነግረኝ ቆሞ ነበር ብዬ ብጽፍ ትስቁብኛላችሁ፤ ስለዚህ አልጽፍም።

ጃንጥላውን ጥዬ በዶማ ቦይ መቅደድ ጀመርኩ። ቡላ ቁፋሮ ሲያይ አያስችለውም፤ አጠገቤ መጥቶ በፊት እግሮቹ ይምሰው ገባ። ችግሩ እኔ ቦዩን ወደ አጥሩ ስቀድ እርሱ ወደ መደቡ ይቀድዳል። ቀና ስል አንድ የዘር ድንች ከነቡቃያው በአፉ ይዞ፣ ግዳይ እንደጣለ አዳኝ እየተንጎራደደ መጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ ዝናብ ገባበት።

ሥራው ሲያልቅ ሁለታችንም ጭቃ ነን። እኔ ልብስ ቀየርኩ። እርሱ በረንዳው ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጆንያ ፈለግኩ፤ ርሷል። ሳጥን ከፍቼ ከታች አንድ አሮጌ የመንዝ ባና አወጣሁና ጠቀለልኩት። ወዲያው ተኛ። ላስቲክ ተከናንቦ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ጎረቤቴ አየውና «ጋሼ፣ ውሻው ታመመ ወይስ ተሾመ?» አለኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ውሻ እቤት ይገባል ወይስ በረንዳ ላይ ይቀራል? ባለቤቴ ከመመለሷ በፊት አንድ አቋም መያዝ አለብኝ።

ዘጓሳ፣ መሐል ሜዳ (8:26)

ጥያቄው ውሻው ይግባ አይግባ መሰለዎት? እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። «አንድ አሮጌ የመንዝ ባና» የሚለው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ባና እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ? የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ከአንዷ ጀርባ ተሸልቶ የሚገኘው ፀጉር ምን ያህል ሊሆን! ፀጉሩ ተጠራቅሞ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ሴቶቹ እሳት ዳር ተቀምጠው ስንት ሌሊት ይፈትሉታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሸማኔ እጅ የሚገባው። ውሻ ሳይሆን እንግዳ ሲመጣ ነበር የሚነጠፈው። ውርጭ በሚወርድበት አገር አያቶቻችን በዚያ ሥር ነው ያደጉት፣ በዚያ ሥር ነው የተዳሩት። እርስዎ ጭቃ የቆፈረ ውሻ ጠቀለሉበት።

ስለ ዝናቡም አንድ ነገር ልበል፤ አንዴ ተናድጃለሁና። ለእናንተ ዝናቡ መስኮት ዳር መቀመጫ ነው። ለእኛ ገብስ ነው። የመኸሩን እህል ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመታብን የምንተርፈው በበልጉ ነው። በልግ የቀረ ዓመት መንዝ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ሰው «ያካፋል፣ ያባራል» ብሎ በቀልድ አይጽፍም። ዘንድሮ ሳይዘገይ የካቲት ላይ ጣለ፤ ገብሱ ስንዝር አልፏል፤ ተመስገን። ቢሆንም እያንዳንዷን ካፊያ እንቆጥራለን።

ቆላ ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት (8:33)

ዘጓሳ ወንድሜ፣ ረጋ በል። እዚህ ሸዋ ሮቢት ባና የሚነጠፈው ለጠላት ነው። የእኛ ውሾች ዝናብ ሲጥል ከቤት ወደ ውጭ ነው የሚሮጡት፤ እኛም ከኋላቸው። ጣርማ በርን ወጥታችሁ ሹራብ የምትደርቡ ሰዎች የምትጨቃጨቁበትን ነገር ሳይ እስቃለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፀደይ መስከረም ላይ አይደለም እንዴ? አደይ አበባ፣ ፀደይ፣ እንዲያ ነበር ትምህርት ቤት የተማርነው። እርስዎ መምህር ሆነው መጋቢት ላይ አመጡት።

የእንስሳት ጤና ሰው (8:51)

ጋሼ፣ የባናውን ነገር ለዘጓሳ ልተውና እኔ የድንቹን ልያዝ። ቡላ ያወጣው ያቆጠቆጠ የዘር ድንች ነው ብለዋል። ቡቃያውና አረንጓዴ የሆነው ልጣጭ ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው። ይዞት መጥቶ ካስቀመጠው ምንም አይደለም፤ ከበላው ግን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ነጭ ሽንኩርቱንም እንዳይቆፍርብዎት። ቀይም ይሁን ነጭ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ውሻና ጎመን አንድ ጓሮ ውስጥ መሆናቸው ነው። ፋሲካ እየመጣ ነው፤ በየቤቱ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ፣ ፊኛ የሚመስል እባጭ ሲታይ «ይህ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ጥፋቱ እዚያ ነው። እባጩ ውስጥ ያለው የአንድ ዓይነት የኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ውሻውም የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ እንደ ዛሬ ያለ ዝናብ ደግሞ ጠርጎ ወደ ጎመኑ ይወስደዋል። ከጎመኑ ወደ እኛ። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው እባጭ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። በግ በበዛበት በእኛ አገር ይህ ጨዋታ አይደለም። እባጭ ያለበትን የሆድ ዕቃ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ እንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ በየጊዜው አሰጡት። ጎመኑን በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ልጆች ውሻውን ዳብሰው ወደ ማዕድ ሲመጡ እጃቸውን ያስታጥቡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትስ በየዓመቱ ይወስዳል? እቤት ይግባ አይግባ የሚለው ለእኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የጓሮ ሰው፣ ደብረ ብርሃን (9:02)

ክትባቱን ጥር ላይ ወስዷል፤ ወረቀቱ ከጡረታ ደብተሬ ጋር ተቀምጧል። የእባጩን ነገር ግን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ባለፈው ፋሲካ ያንን ፊኛ መሳይ ነገር ለቡላ የወረወረው ማን እንደሆነ አልናገርም። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ይዞ የኖረ ሰው ነው።

ዘጓሳ፣ ቁጣዎን ተቀብያለሁ። በልጉንም እንደ ቀልድ አላየሁትም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዝናቡ በጣሪያው ላይ ሲመጣ አሁንም መጀመሪያ የማስበው ማሳ ነው፤ ማሳ ባይኖረኝም።

እመት ጌሾ፣ ደብረ ሲና (9:15)

ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ዛሬ ጉሙ የራሴን አጥር እንኳ አያሳየኝም። ስለ ድንቹ ልንገርዎት። ሥሩ ወጣ ብለው አሁኑኑ አፈር ሊያስታቅፉት እንዳይነሡ። ጭቃ የታቀፈ ድንች ይታነቃል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጋገርበታል። ለጊዜው ደረቅ ሣር ጣል ያድርጉበት። ዝናቡ ሁለት ቀን ፋታ ሲሰጥ፣ አፈሩ ሲጨብጡት ተሰብስቦ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ሲሆን ያኔ ያስታቅፉት። ቅጠሉን ደግሞ በየጠዋቱ ይዩት። ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቦታ ወጥቶ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ካዩ፣ ሳይራሩ ቆርጠው ከጓሮ ያውጡት። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ያ በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ጨርሶ ነው የሚሄደው። እኔ ካቻምና ነገ አየዋለሁ ብዬ ለዘር እንኳ አልተረፈኝም።

አሸንዳውን ዛሬውኑ ያስሩት። ጣሪያዎ ስንት ካሬ ነው? 50 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 500 ሊትር ውኃ ነው። የ200 ሊትሩን በርሜል ሁለት ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል። ያ ሁሉ አንድ መደብ ላይ ወርዶ ድንቹ እስካሁን በቦታው መኖሩ የእርስዎ ዕድል ነው። በርሜል ይጨምሩ፤ ግንቦት ላይ ፀሐዩ ሲከር ያንን ውኃ ይፈልጉታል። ክዳን ግን ይኑረው፤ ወባ እንኳ ባይኖር ትንኝ አይጠፋም።

ውሻውን በተመለከተ፣ የእኔዋ ውሮ ከጠዋት ጀምራ ምድጃ ዳር ተጋድማለች። ማን አስገባሽ ያላት የለም። ድመት ሲሆን ዝም፣ ውሻ ሲሆን ሸንጎ።

የቅኔ ተማሪ፣ አንኮበር (9:30)

ቆላ ቀወት፣ መምህሩ ልክ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ የአበባው ጊዜ ያ ነው። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ በልጉ የሚዘንብበት። ስሙ ስለሚያምር አንሥተን አደይ አበባው ላይ ለጠፍነው፤ መፀውን የሚያስታውሰው ጠፋ።

ስለ ውሻው የአያቴን ልንገራችሁ። ቄስ ነበሩ። ውሻ ከደጃፍ አያልፍም ነበር። ቤቱ የሚጸለይበት ነው፣ መጽሐፉ አለ፣ ጠበሉ አለ። ክርክርም አልነበረበትም። ነገር ግን የጎጆውን ክዳን ከበሩ ግራ በኩል ብቻ አንድ ክንድ ያህል አርዝመውት ነበር። እንግዳ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላቸው «ሣሩ ተረፈን» ይሉ ነበር። ዝናብ ሲጥል ውሻው እዚያ ሥር ይተኛል፤ ከውስጥም አይደለም፣ ከውጭም አይደለም። የጓሳ ሣር ስለሆነ ጠብታ አያስገባም።

ደግሞ ቡላ የቆርቆሮውን ቤት የጠላው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እኛ እንኳ መደማመጥ ያቅተናል። ከእኛ ይልቅ ጆሮው የሠላ ፍጥረት፣ ራሱን ቀና ሲያደርግ ጣሪያው በሚነካው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚሰማው ያስቡት። ጣሪያው ላይ ሣር ይጨምሩለት።

ዘጓሳ፣ መሐል ሜዳ (9:41)

ለውሻ ቤት የጓሳ ሣር? ይህኛውን እፈቅዳለሁ። ባናውን አልፈቅድም።

ጓሳ ከተነሣ አይቀር፣ ያ ሣር እንዲሁ የሚታጨድ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፣ ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ብቻ ይታጨዳል፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስከ ዛሬ እኛ ዘንድ የቆዩት በዚያ ምክንያት ነው።

የእንስሳት ጤና ሰው ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሽንኩርት ውሻን ይገድላል ካሉ፣ የእኛ ውሾች ስንት ዘመን የወጥ ፍትፍት ሲበሉ እንዴት ኖሩ?

የእንስሳት ጤና ሰው (9:55)

ይገድላል ብዬ በደፈናው አልጻፍኩም። በመጠኑና በመደጋገሙ ነው። አንድ ጉርሻ ፍትፍት የማይጥለው ውሻ በየቀኑ ሲበላ ደሙ ያልቃል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል። ስንቱ እንዲያ እንደሞተ የቆጠረ የለም፤ «ዓይን በላው» ተብሎ ነው የሚታለፈው። ደግሞ አሁን ዐቢይ ጾም ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ነው፣ ሁለቱም ሽንኩርት ናቸው። ቂጣ ወይም ያልተቀመመ ንፍሮ ቢሰጡት ይሻላል።

ቀይ ቀበሮን ስላነሡ ግን አመሰግናለሁ። እነዚያን ቀበሮዎች ከሚፈጁት ዋናው ከቤት ውሾች የሚጋባው የእብደት በሽታ ነው። እረኛ ተከትሎ ጓሳ የሚወጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ የአባቶችዎን ጥበቃ ሁሉ ሊያፈርሰው ይችላል። ሰውንም ቢሆን፣ የተጠረጠረ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ጠበሉን አትሂዱ አልልም፤ ክትባቱን ሳትወስዱ እንዳትሄዱ እላለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመልሰው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ስደተኛው ሸዌ፣ ከባሕር ማዶ (10:08)

እኔ ያለሁበት ከተማ የዓመቱ ግማሽ ዝናብ ነው። ጎረቤቴ ለውሻዋ የዝናብ ካፖርትና አራት ጫማ ገዝታለታለች። በየጠዋቱ አራቱን ጫማ አንድ በአንድ ስታጠልቅለት ቆሜ እያየሁ ባቡር ያመልጠኛል። እኔም ከአገር ያመጣሁት ባና አለኝ፤ ልጆቼ «ይኮሰኩሳል» ብለው አይነኩትም። ቢያንስ ቡላ አልኮሰኮሰውም።

ያደግኩት ሰላ ድንጋይ አጠገብ ነው። የእኛ ውሻ ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ውሻው» ነበር የሚባለው። አንድ የበልግ ሌሊት ጅብ በረቱን ሊሰብር መጣ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማን። ጠዋት ስንወጣ ውሻው ግማሽ ጆሮውን አጥቶ በረቱ በር ላይ ተቀምጧል፤ በጎቹ አልተነኩም። አባቴ ምንም አላሉም። ጾም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጾም መፍቻ ቂጣቸው ሲቀርብላቸው ለሁለት ቆረሱት፣ ትልቁን ይዘው ወጡና ለውሻው ሰጡት። እቤት ግን አላስገቡትም። በማግሥቱም ዘንቧል፤ አላስገቡትም። እስከ ዛሬ ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኛል።

እመት ጌሾ፣ ደብረ ሲና (10:15)

ምኑ ያስታርቃል? ትልቁን ቁራሽ ሰጡት አላልክም?

የበኩር ልጅ፣ አዲስ አበባ (10:40)

ጥያቄ ለጓሮ ሰው። ያ ባና አንዱ ጥግ ላይ በቀይ ክር የተጣፈ ቦታ አለው? ስንዝር የማይሞላ፣ እሳት ያቃጠለው?

የጓሮ ሰው፣ ደብረ ብርሃን (10:52)

አለው።

እትዬ?

የበኩር ልጅ፣ አዲስ አበባ (11:04)

አዎ፣ እትዬ ነኝ። የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እርሷ ትጽፋለች። «እማዬ፣ ይህ የአጎቴ ውሻ አይደለም?» ብላ አምጥታ ያነበበችልኝም እርሷ ናት።

አንተ ልጅ፣ የእናታችን ሙት ዓመት ወጥቶ ዕቃ ስንካፈል እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ባናውን ስጡኝ አላልኩም? አንተስ ምን አልከኝ? «አይጥ በልቶት ጣልኩት።» እንዲያ ነው ያልከው፤ ዓይኔን እያየህ። ለአይጥ ስንት ዓመት ስረግም ኖርኩ!

ያን ፀጉር የፈተልኩት እኔ ነኝ። አንተ ገና ትድህ ነበር። እናታችን ትነድፋለች፣ እኔ እንዝርቱን ይዤ እቀመጣለሁ፤ እጄ በበጉ ቅባት ለስልሶ ክሩ ያመልጠኝ ነበር። ቀይ ጣፉም የእኔ ነው። ያቃጠልከው አንተ፣ ባናውን ለብሰህ እሳት ዳር የባቄላ እሸት ልትጠብስ። ገርፋህ ነበር፤ የደበቅኩህ እኔ ነኝ። የት? እዚያው ባናው ውስጥ።

ቆላ ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት (11:06)

ይህንን ውይይት ማንም እንዳይዘጋው። ሙቀቱንም ረሳሁት።

ዘጓሳ፣ መሐል ሜዳ (11:09)

እኔ እኮ ከመጀመሪያው ብያለሁ። እትዬ፣ እግዜር ያሳይዎ፤ እርስዎ የፈተሉት ላይ ውሻ ተኛበት።

የጓሮ ሰው፣ ደብረ ብርሃን (11:31)

እትዬ፣ ሰው ፊት ስለያዝሽኝ ሰው ፊት እመልሳለሁ።

አይጥ አልበላውም። መስጠት አልቻልኩም። እናታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እዚህ ቤት ነው፤ ስትሄድ ባናው እርሷን እርሷን ይል ነበር። አንቺ ብትወስጂው አዲስ አበባ ደርሶ ታጥቦ ይሰቀላል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እኔም ናፍታሊን አድርጌበት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አንድ ቀን ስከፍተው የናፍታሊን ሽታ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ደግሜ ሳልከፍተው ቀረሁ፤ ላንቺም መናገር አፈርኩ። ስልክ በደወልሽ ቁጥር አይጡ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ቡላን ስጠቀልለው ነገሩን አላሰብኩበትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡናዬን ይዤ አጠገቡ ስቀመጥ የረጠበው ባና መሽተት ጀመረ። በግ፣ ጭስ፣ ቅቤ። በረንዳው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰው ቢያይ ውሻ የሚጠብቅ ይመስላል። ውሻ ይግባ አይግባ ብዬ የጻፍኩት ሌላውን እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅኩ ነው።

የበኩር ልጅ፣ አዲስ አበባ (11:44)

እናቴ ዝም ብላለች። ቆይ።

እሺ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ባናውን እንዳታጥበው። እንዳታጥበው አልኩ። ውሻውን ግን እጠበው።

የእንስሳት ጤና ሰው (11:47)

እትዬ፣ ለፋሲካ ከመጡ አደራ፣ የበጉን ሳንባ እርስዎ ይያዙልን። ወንድምዎ በዚህ በኩል አይታመኑም።

የበኩር ልጅ፣ አዲስ አበባ (11:50)

በየትኛውም በኩል አይታመንም። ሳንባውን እኔ እይዛለሁ።

እመት ጌሾ፣ ደብረ ሲና (11:53)

ጋሼ፣ አሸንዳውን አሰሩት?

የጓሮ ሰው፣ ደብረ ብርሃን (12:04)

በሽቦ አስሬዋለሁ፤ በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ድንቹም ሣር ለብሷል። ቡላ አሁን ምድጃ ዳር ነው፤ ባለቤቴ ነገ ማታ ትመለሳለች፣ እስከዚያ የምለው ነገር አገኛለሁ።

ቅድም ፀሐይዋ ብቅ ስትል ባናውን አጥሩ ላይ አስጥቼው ነበር። ይኸው በረዶ ጀመረ፤ ቆርቆሮው እየተንጫጫ ነው። ሄጄ ላንሣው፣ ቡላ ቀድሞኝ ወጥቷል።